መሐላ ብቻውን ልማድን አይለውጥም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ልማድ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ብዙ ስለማውቅበት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ስለ ተሸነፍሁበት ነው። ነገሩን ከራሴ ልጀምር።

ሁለት ዓመት ያህል ጫት ስቅም ነበር። የጀመርሁት እንደ ብዙ ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ነው። «እንቅልፍ ያባርራል፤ ሐሳብ ይሰበስባል» ተባልሁና ቃምሁ። ፈተናው አለፈ፤ ጫቱ ግን አላለፈም። ከፈተና ሰሞን ወደ ቅዳሜ፥ ከቅዳሜ ወደ አዘቦት ቀን ተሸጋገረ። በመጨረሻ ምሳ በልቼ ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ አንድ ጓደኛዬ ክፍል ይወስደኝ ጀመር።

እናቴ ነገሩን ያወቀችው በገንዘቡ ነው። ለመጽሐፍ መግዣ የሰጠችኝ ብር መጽሐፍ ሳይሆን ቀረ። አልተቈጣችም፤ ዝም ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። በዚያች ሌሊት «ሁለተኛ ብቅም!» ብዬ ማልሁ። አራት ቀን ቈየሁ። ከዚያ በኋላ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ ማልሁ፤ በገና ማልሁ፤ ታምሜ ስነሣ ማልሁ። አምስት ጊዜ ምዬ አምስቱንም አፈረስሁ። ከሁሉ ረጅሙ 11 ቀን ነበር። በመጨረሻ ከጫቱ ይልቅ የጐዳኝ መሐላው ሆነ። «እኔ ቃሉን የማይጠብቅ፥ የማይረባ ሰው ነኝ» ብዬ ማመን ጀምሬ ነበርና።

ብዙዎቻችን ልማድን የምናየው በዚሁ ዓይን ነው። ልማዱን የተወ ሰው ጎበዝ ነው፤ ያልተወ ሰው ደካማ ነው እንላለን። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብለን ተርተን እናልፋለን። ጦጣዋ ግን ሁልጊዜ የምትሸመጥጠው ለምንድን ነው? እርሻው ያው እርሻ፥ መንገዱም ያው መንገድ ስለሆነ አይደለምን? የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ልማድ የሚኖረው በሰውየው ልብ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ፥ በቦታውና በአጠገቡ ባሉት ሰዎችም ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ መሐላ ብቻውን አይነቅለውም።

1. ልማድ ምንድን ነው?

ልማድ ማለት፥ መጀመሪያ አስበንና ፈቅደን የሠራነው ነገር በመደጋገም ብዛት ሳናስብበት የሚሠራ ሲሆን ነው። ሕፃን ልጅ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ትንፋሹን ውጦ ይታገላል። ካደገ በኋላ ግን ስለ ሌላ ነገር እያወራ ያስረዋል። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ወደ መሐል ስታዞር ስለ እጇ አታስብም፤ ጎረቤቷን እያጫወተች ታዞረዋለች።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። እንደ እርሱ አስተያየት ልማድ ድካምን ይቀንሳል፤ አእምሮንም ከትንንሽ ነገሮች አሳርፎ ለትልልቆቹ ነፃ ያወጣዋል። በእርግጥም ፊት ለመታጠብ፥ ልብስ ለመልበስ፥ በር ለመዝጋት በየዕለቱ አዲስ ውሳኔ ቢያስፈልገን ኖሮ ሥራችንን ሳንጀምር ይመሽብን ነበር። ስለዚህ ልማድ በራሱ ጠላት አይደለም። ጥናትም፥ ንጽሕናም፥ ሰላምታም በልማድ ይጸናሉ። ክፉው ልማድ የሚጸናበት መንገድ በጎው ከሚጸናበት መንገድ የተለየ አይደለም።

የዕለት ኑሯችን ምን ያህሉ በልማድ እንደሚሄድ ዌንዲ ዉድ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አጥንታለች። ተማሪዎች በየሰዓቱ ምን እያደረጉና ምን እያሰቡ እንደሆነ እንዲጽፉ አደረጉ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከተጻፉት ድርጊቶች 43 ከመቶ ያህሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል፥ በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚደጋገሙ ሆነው ተገኙ። ተማሪዎቹ እነዚህን ሲያደርጉ ሐሳባቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር፤ ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ካደረግነው ውስጥ በእውነት አስበን ያደረግነው ስንቱ ነው?

2. ልማድ እንዴት ይፈጠራል?

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናቱ የተራቡ ድመቶችን በሳጥን ውስጥ እየዘጋ ተመልክቷቸዋል። ምግቡ ከሳጥኑ ውጭ ተቀምጧል። ድመቷ መጀመሪያ ትቧጭራለች፥ ትነክሳለች፥ ትዘላለች። በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካው በሩ ይከፈትና ምግቡን ታገኛለች። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ትወጣለች። ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ገና ከመግባቷ እጇን ወደ መክፈቻው ትሰዳለች። ቶርንዳይክ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ፥ በአንድ ሁኔታ ውስጥ የተደረገ ነገር ደስታን ካስከተለ ድርጊቱ ከዚያ ሁኔታ ጋር ይጣበቃል የሚል ነው።

በኋለኛው ዘመን አን ግሬቢየል የተባለች ሳይንቲስት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከባልደረቦቿ ጋር የአይጦችን አንጎል ተከታተለች። አይጦቹ ባለ መስቀለኛ መንገድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገብተው በአንድ ወገን የተቀመጠ ምግብ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ፥ ከአንጎላቸው ሥር ያለው አንዱ ክፍል ከመንገዱ መነሻ እስከ መድረሻ ሲሠራ ታየ። መንገዱን ከለመዱ በኋላ ግን ያ ክፍል በኀይል የሚሠራው በመነሻውና በመድረሻው ሆነ፤ መሐሉ እንደ ተቋጠረ ጓዝ በአንድነት ይሄዳል። ምግቡ ሲቀር ይህ ቅርጽ ደበዘዘ። ምግቡ ተመልሶ ሲመጣ ግን ቶሎ ተመለሰ። ይህም አሮጌ ልማድ ተኝቶ ይቈያል እንጂ በቀላሉ እንደማይደመሰስ ያሳየናል።

ከዚህ በመነሣት በልማድ ውስጥ ሦስት ነገሮችን መለየት እንችላለን። እነርሱም ምልክት፥ ድርጊትና ዋጋ ናቸው። የእኔን ልማድ በዚህ ብመዝነው እንዲህ ይሆናል። ምልክቱ ከምሳ በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት፥ የጓደኛዬ ክፍልና እዚያ የተነጠፈው ምንጣፍ ነው። ድርጊቱ መቃም ነው። ዋጋው ምርቃናውና ጨዋታው ነው። ጫት አእምሮን የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለ ቅመም በውስጡ ስላለ ነው። ይህ ቅመም የተለየው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚከስም ጫት ትኩሱን ይፈለጋል። የእኔ ዋጋ ግን ቅመሙ ብቻ አልነበረም። በዚያች ክፍል ውስጥ ሰው ይሰማኝ ነበር፤ ቀልዴ ያስቅ ነበር፤ ስለ ወደፊት ሕይወታችን እናወራ ነበር። ይህን ሳላውቅ «ጫት ብቻ ነው» ብዬ በመታገሌ ነው ደጋግሜ የወደቅሁት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ልማድ ከጸና በኋላ ዋጋው ቢጠፋም ድርጊቱ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴቪድ ኒል፥ ዌንዲ ዉድና ሌሎች ባሳተሙት ጥናት ለሲኒማ ተመልካቾች ፈንዲሻ ታደለ። ለአንዳንዶቹ ትኩስ፥ ለሌሎቹ ሰባት ቀን ያደረ ነው። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት ልማዳቸው ያልሆነ ሰዎች ያደረውን ቀምሰው ቀነሱ። ልማዳቸው የሆነው ግን ያደረውንም እንደ ትኩሱ ያህል በሉ። እንደማይጥማቸው እየተናገሩ በሉት! ያው ፈንዲሻ በስብሰባ አዳራሽ ሲሰጣቸው ግን ያደረውን ቀነሱ። ደግሞም በሲኒማው ውስጥ በለመዱት እጅ ሳይሆን በሌላው እጅ እንዲበሉ ሲታዘዙ ያደረው መሆኑን አስተውለው ቀነሱ። እኔም በመጨረሻዎቹ ወራት ጫቱ እንቅልፍ ከመንሣትና ከመደበት በቀር የሰጠኝ ነገር አልነበረም። ሆኖም ስምንት ሰዓት ሲሆን እሄድ ነበር።

3. መሐላ ለምን ይሸነፋል?

መሐላ የሚናገረው ለድርጊቱ ብቻ ነው። «አልቅምም» ይላል። ምልክቱ ግን መሐላውን አልሰማም። ስምንት ሰዓት እንደ ወትሮው ይመጣል፤ ጓደኛም እንደ ወትሮው ይጠራል። ከዚህም በላይ መሐላ የሚማለው ፍላጎቱ በሌለበት ሰዓት ነው። እኔ የማልሁት ሌሊት በጸጸት ተኝቼ ሳለሁ ነው፤ የሚፈተነው ግን በማግስቱ ቀትር ላይ ነበር። የማለው ሰውና የሚፈተነው ሰው አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ ያሉበት ሁኔታ የተለያየ ነው።

የሁኔታን ኀይል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በቬትናም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በዚያ አገር ሄሮይን እንደሚወስዱ ታወቀና መንግሥታቸው ደነገጠ። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ወደ አገራቸው የተመለሱትን እንድታጠና ተደረገ። ከተጠየቁት ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል በቬትናም ሳለ የሄሮይን ሱሰኛ እንደ ነበረ ተናገረ። አገራቸው ከገቡ በኋላ ግን በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከእነዚህ ሱሰኞች 5 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ልዩ ሕክምና ሳያገኙ ነው የተዉት። ለዚህ ብዙ ምክንያት ተሰጥቶበታል። በቬትናም መድኀኒቱ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነበር፤ ፍርሃቱና መሰልቸቱም አብሮት ነበር። በአገራቸው ያ ሰፈር፥ ያ ጓድ፥ ያ ጭንቀት አልነበረም። በአንጻሩ፥ በሚኖርበት ከተማ ሱስ ይዞት ሆስፒታል የገባ ሰው ሲወጣ የሚመለሰው ምልክቶቹ ሁሉ ወደሚጠብቁት ወደዚያው ሰፈር ነው። የብዙዎች ዳግመኛ መውደቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ ላያስፈልገንም ይችላል። ሥጋ ሳይበላ አንድ ሳምንት መቈየት የማይሆንለት ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ይጾማል። የእምነቱ ኀይል እንዳለ ሆኖ፥ ሌላም የሚረዳው ነገር አለ። ጾሙ ሲገባ ድስቱ ይለወጣል፤ ብዙው ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ምግብ ቤቱ በያይነቱን ያቀርባል፤ ጎረቤቱም ይጾማል። የሚጀመርበትና የሚፈታበት ቀን ታውቋል። በሥጋው ቦታ ሽሮው፥ ምስሩና ጎመኑ ተተክቷል። ጾመኛው ብቻውን አይታገልም፤ ቤቱና ሰፈሩ አብረውት ይጾማሉ። እኔ ግን ጫትን ለመተው ስምል ሰፈሬን ሁሉ እንደ ነበረ ትቼ ብቻዬን ነበር የምታገለው።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ምልክቱን ለይቶ መጻፍ። ልማዱን ከመተው በፊት አንድ ሳምንት ያህል መመዝገብ ይጠቅማል። ስንት ሰዓት ነበር? የት ነበርሁ? ከማን ጋር ነበርሁ? ምን ተሰምቶኝ ነበር? እኔ ይህን ሳደርግ ብቻዬን ሆኜ አንድ ቀን እንኳ እንዳልቃምሁ አስተዋልሁ። ችግሬ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ብቸኝነቴም እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ለ. ከምልክቱ መራቅ። ከፈተና ጋር መጋጠም ጀግንነት ይመስላል፤ ነገር ግን መንገድ መቀየር ይቀላል። ሌሊት በስልክ የሚያመሽ ሰው ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርጎ «አልነካውም» ከሚል በሌላ ክፍል ያሳድረው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በኪሱ እየያዘ አይታገል። በተቃራኒው፥ እንዲለመድ የምንፈልገውን በጎ ነገር ደግሞ እጃችን ከሚደርስበት ቦታ እናስቀምጠው። መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎበት ማንበብን የለመደ የለም።

ሐ. ቦታውን ባዶ አለማድረግ። የተነቀለ ነገር በቦታው ሌላ ካልተተከለበት ተመልሶ ይበቅላል። የሚተካው ነገር ከዋጋው ጋር የሚመሳሰል ይሁን። ልማዱ ድካምን የሚያሳርፍ ከሆነ ሌላ ዕረፍት፥ ሰው የሚያገናኝ ከሆነ ሌላ መገናኛ ያስፈልጋል።

መ. «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፥ «እለወጣለሁ» ከሚል ጥቅል ሐሳብ ይልቅ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ የሚናገር ዕቅድ ይበልጥ ይፈጸማል። «ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ» ማለት መሐላ ነው። «እራት እንደበላሁ ሳህኔን አንሥቼ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ እሠራለሁ» ማለት ግን ዕቅድ ነው። ዕቅድ ለአዲሱ ልማድ አዲስ ምልክት ይሰጠዋል።

ሠ. ቀኑን በትዕግሥት መቍጠር። ልማድ በ21 ቀን ይለወጣል ሲባል እንሰማለን። የዚህ ቍጥር ምንጭ በአብዛኛው ማክስዌል ማልዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እርሱ የጻፈው ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ማየቱን ነበር፤ ሰው ግን እንደ ሕግ ወሰደው። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ያሳያል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ በጎ ልማድ መርጦ በየቀኑ በአንድ ሁኔታ ይሠራው ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ ከሰው ሰው እጅግ ተለያየ። በስሌት የተገመተው ሲጨመር ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ደረሰ፤ መካከለኛው ቍጥር 66 ቀን ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያጽናናኝ ሌላው ግኝት ነው። አንድ ቀን ማቋረጥ ልማዱ እንዳይጸና አላደረገም። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል በቍጥር ሲመሰከር እዚህ አየሁት።

5. የእኔ ነገር እንዴት ሆነ?

ስድስተኛ ጊዜ አልማልሁም። ይልቁንስ ከባድ የመሰለኝን ነገር አደረግሁ፤ ወደ ጓደኛዬ ጠዋት ሄድሁ። «ወንድሜ፥ አንተን አልተውሁህም፤ የምተወው ስምንት ሰዓትን ነው። ጠዋት ጠዋት ቡና አብረን እንጠጣ» አልሁት። ተቀየመኝ። «ተሻልኸን ማለት ነው?» አለኝ። ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር ከጫቱ ይልቅ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ከበዱኝ። ከምሳ በኋላ በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄድ ነበር፤ ብዙ ቀን የተቀመጥሁት ሳላነብ ነው። በአራተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ራሱ ጠዋት መጣ። አሁን ቡና አብረን እንጠጣለን። እርሱ መቃሙን አልተወም፤ እኔም አልነዘንዘውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሁለቱም ጊዜ ለሠርግ ሌላ ከተማ ሄጄ ነው። እንደ ቀድሞው ቢሆን «በቃ፥ እኔ አልረባም» ብዬ ወሩን ሙሉ በቃምሁ ነበር። አሁን ግን ራሴን የጠየቅሁት «ምልክቱ የቱ ነበር?» ብዬ ነው። በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባኛል። ሱስ ሁሉ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሥጋንና አእምሮንም ይይዛል። እንቅልፍ የራቀው፥ የሌለ ድምፅ የሚሰማው፥ ወይም መጠጥ ሲያቋርጥ የሚንቀጠቀጥ ወንድም ካለ መንገድ መቀየር ብቻውን አይበቃውም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ይህን መምከር እንጂ «አመል ያወጣል ከመሐል» ብሎ ከመካከላችን ማስወጣት አይገባንም። ከመሐል የወጣ ሰው የሚሄድበት ቦታ ያው የልማዱ ቦታ ነውና።

ባለፈው ወር እናቴ እንደገና ለመጽሐፍ መግዣ ብር ሰጠችኝ። መጽሐፉን ገዝቼ ስመለስ አሳየኝ አላለችም። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ፥ ከምታየው ቦታ አስቀመጥሁት።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! በልማዳችን ስንሸነፍ ራሳችንን ከመርገማችን በፊት ሰዓታችንን፥ መንገዳችንንና ባልንጀርነታችንን እንመርምር። ከዚያም አንዲት ትንሽ ነገር እንለውጥ፤ ነገም እንድገማት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1ኛ. ልትተወው ከምትፈልገው ልማድ አንዱን መርጠህ ምልክቱን፥ ድርጊቱንና ዋጋውን ለይተህ ጻፍ። ዋጋውን በሌላ በጎ ነገር ማግኘት ይቻላልን?

2ኛ. ከእኛ መካከል አንዱ ክፉ ልማድ ለመተው ቢታገል፥ ሰፈራችንና ማኅበራችን ምልክት ይሆኑበታል ወይስ መሸሻ?

3ኛ. ልማዱን ስንተው የምናጣው ጓደኛ ቢኖር፥ ጓደኛውን ሳናጣ ልማዱን የምንተውበት መንገድ የትኛው ነው?